የቤት ውስጥ እንክብካቤ ማመልከቻ፦ እናቴ ጎንደር እያለች ምን ላዘጋጅ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴን ይዤ ጎንደር ነው ያለሁት፤ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ወደ ኦክላንድ እንመለሳለን። የአሜሪካ ዜግነትም ሜዲ-ካልም (የካሊፎርኒያ መንግሥት የጤና መድን) አላት። ጉልበቷ ደክሟል፣ ስኳርም አለባት፤ ስለዚህ ለአይኤችኤስኤስ፣ ማለትም ካሊፎርኒያ ቤት ውስጥ ለሚንከባከብ ሰው በሰዓት ለሚከፍልበት ፕሮግራም፣ ላመለክትላት ነው። የጓደኛዬ እናት አመልክተው የተፈቀደላቸው ሰዓት ትንሽ ስለሆነ ፈርቻለሁ። ከዚህ ሆኜ ማዘጋጀት የምችለው ነገር አለ?

መልስ

እህቴ፣ እንኳን እናትሽን ለአገራቸው አበቃሽልን። እኔ ካሊፎርኒያ አረጋውያንን በየቤታቸው ስንከባከብ ኖሬ አሁን አዘዞ ተመልሻለሁ። እንዳየሁት ነገሩ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ሶሻል ወርከር ቤት መጥታ በምትጠይቅበት ሰዓት ነው።

እናቶቻችን እንግዳ ሲመጣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደምንም ተነሥተው ይቀበላሉ። «ገላዎን ራስዎ ይታጠባሉ?» ሲባሉ «አዎ፣ ተመስገን» ይላሉ። ድካምን ለማያውቁት ሰው መዘርዘር ነውር ሆኖባቸው ነው። ሶሻል ወርከሯ ግን ለመታጠብ፣ ለመልበስ፣ ለማብሰል፣ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ትሰጣለች። 1 ማለት ራሳቸው ይችላሉ፣ 5 ማለት ያለ ሰው ጨርሶ አይሆንላቸውም። ሰዓቱ የሚሰላው ከዚያ ተነሥቶ ነው፤ ጣሪያው በወር 283 ሰዓት ነው።

ስለዚህ ጎንደር ሳለሽ በዙሪያቸው ያለውን እጅ ቁጠሪ። ጠዋት ደግፎ ከአልጋ የሚያስነሣቸው ማን ነው? ቅዳሜ ገበያ ሄዶ አስቤዛ የሚያመጣው፣ ልብሳቸውን የሚያጥበው፣ ኢንሱሊን ካላቸው የሚወጋቸው ማን ነው? ሌሊት ለሽንት ሲነሡ ማን ይነቃል? የእህት ልጅ፣ ጎረቤት፣ ሠራተኛ፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ስለሚያግዝ እርዳታ መሆኑ እንኳ አይታወቅም። እናትሽ ራሳቸው «ምንም አላስቸግርም» ቢሉ ከልባቸው ነው። ኦክላንድ ስትደርሱ ግን ያ ሁሉ ሥራ ባንቺ ላይ ይወድቃል። በደብተር ጻፊው፦ ማን፣ ምን ሠራ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀበት። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ድረስ እጃቸውን ይዞ መውሰድ አይታሰብላቸውም፤ ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት መደገፍና ሐኪም ቤት አጅቦ መሄድ ግን ይታሰባል። መርሳት ከጀመራቸው፣ ምድጃ ለኩሰው የሚተዉ ወይም ከቤት ወጥተው የሚጠፉ ከሆነ ደግሞ ለብቻው ጻፊና ለሐኪሙ ንገሪው። ለእንደዚህ ያለ ሕመምተኛ ሰው አጠገባቸው ሆኖ እንዲጠብቃቸው የሚፈቀድ የጥበቃ ሰዓት አለ፤ ካልተጠየቀ ማንም ላያነሣው ይችላል።

ኤስኦሲ 873 የሚባለውን ፎርም የሚሞላው ሐኪም ነው። እናትሽ የዕለት ተዕለት ነገራቸውን ያለ ሰው ማከናወን እንደማይችሉ፣ እርዳታው ከሌለም ቤታቸው መኖር እንደሚያሰጋቸው መመስከር አለበት። ካውንቲው ከጠየቀበት ቀን ጀምሮ ያለሽ 45 ቀን ስለሆነ የሐኪሙን ቀጠሮ ከአሁኑ ያዢ። እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ታይተው ከሆነም ማስረጃውን አስጽፊ።

አንቺ አታስተርጉሚ። እናት ስለ ሽንቷ በልጇ አፍ አትናገርም። አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላቸው፤ ቀጠሮው ሲያዝ ጠይቂ። አንቺ ደብተርሽን ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪ።

ይህን ሁሉ ብልሃት ቤተሰብ ብቻ እንዲሸከመው መተው ግን ልክ አይደለም፤ አሠራሩ መስተካከል አለበት። «ይችላሉ ወይ?» ከማለት «ትናንት ማን አጠበዎት?» ብሎ መጠየቅ ምን ይከብዳል? ከጉብኝቱ በፊት የሚጠየቀውን በአማርኛ ጽፎ መላክስ? ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ የመንግሥት ቢሮዎች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። እዚያ ከተቻለ ካሊፎርኒያም ይቻላል። በየካውንቲው የአይኤችኤስኤስ አማካሪ ኮሚቴ አለ፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ተጠቃሚዎችም አባል ይሆናሉ። የእኛ ሰው እዚያ ሲቀመጥ ግን አላየሁም። እባካችሁ ቤይ ኤሪያ (ኦክላንድና አካባቢው) ያላችሁ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሄዳችሁ ይህንኑ ጠይቁ።

የተሰጣቸው ሰዓት ካነሰ ዝም አትበሉ። የውሳኔው ደብዳቤ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ ይግባኝ መጠየቅ ይቻላል። ያ ደብተርሽ ያኔም ማስረጃ ይሆንሻል።

ጥያቄ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። ዛሬውኑ መጻፍ ጀምሬአለሁ፤ የወንድሜ ሚስት ብቻዋን ስንት ነገር እንደምትሠራ አሁን ነው ያየሁት። ተንከባካቢዋ እኔ ብሆን ይከፈለኛል? የአባት ስማችንም አይመሳሰልም።

መልስ

ይከፈልሻል። ተንከባካቢው ዘመድም ባዕድም መሆን ስለሚችል የስሙ ነገር አያሳስብሽ። የጣት አሻራ ትሰጫለሽ፣ ለተንከባካቢዎች የሚሰጠውን ገለጻ ትከታተያለሽ፤ ያን ሳትጨርሺ ክፍያ ስለማይጀምር ቶሎ ግቢበት። ከእናትሽ ጋር አንድ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ኤስኦሲ 2298 የተባለውን ፎርም ሙይ፤ ከዚያ ሥራ የምታገኚው ገንዘብ ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ ይሆንልሻል።