ማንዣበብ ለመለማመድ የትኛውን ሞዴል አውሮፕላን ልግዛ?

ሰላም ለሁላችሁ። አውሮፕላኔን አፍንጫውን ወደ ሰማይ አስቀስሬ፣ በፕሮፔለሩ ጉልበት ብቻ አንድ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቆም ማድረግ መማር እፈልጋለሁ። አሁን ያለኝ ክንፉ ከላይ የተገጠመ የጀማሪ ሞዴል ነው። ለተራ በረራ እንከን አይወጣለትም፤ ቀጥ ሳደርገው ግን ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ሰጥቶም ክብደቱን መሸከም ያቅተውና በጅራቱ በኩል ይንሸራተታል።

በማንዣበብ ጊዜ ክንፉ ስለማያነሳው የሞተሩ ግፊት ከክብደቱ መብለጥ እንዳለበት ይገባኛል። የጅራቱ መሪዎች የሚሠሩት ፕሮፔለሩ በሚልከው ነፋስ ብቻ ስለሆነ ሰፋፊ መሆን እንዳለባቸውም አውቃለሁ። የተቸገርኩት በምርጫው ነው። አንደኛው ከጠፍጣፋ ፎም የተሠራ፣ ክንፉ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀላል ሞዴል ነው፤ ቢወድቅ በሙጫ ይጠገናል፣ ነገር ግን ትንሽ ነፋስ ሲነሳ እንዳያንገላታው እፈራለሁ። ሁለተኛው 120 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የባልሳ እንጨት ነው። ማማሩስ ያምራል፤ አንዴ ከወደቀ ግን ስብርባሪ መልቀም ነው የሚተርፈኝ። እኔ ወደ ፎሙ አደላለሁ። ልክ ነኝ?

ሌላም ነገር አለ። በኮምፒውተር ማስመሰያ ስለማመድ፣ የፕሮፔለሩ ጥምዘዛ አውሮፕላኑን አሽከርክሮ ሆዱን ወደ እኔ ሲያዞረው የመሪው ግራና ቀኝ ይገለበጥብኛል። መዋዠቁን በራሱ የሚያርም ጋይሮስኮፕ ከመጀመሪያው ላስገጥምለት፣ ወይስ ጣቴ ራሱ እስኪለምድ ልቆይ?