የፊቅህ መሠረት ውስጥ የአቂዳ ክርክር ምን ይሠራል?

የሕግ ተማሪዋ፦
አሰላሙ ዐለይኩም። ለመመረቂያ ጽሑፌ የኢማም ገዛሊን «ሙስተስፋ» ማንበብ ጀምሬያለሁ። የኡሱል አል-ፊቅህ (የእስልምና ሕግ፣ የፊቅህ፣ መሠረቶች) መጽሐፍ ነው ተብዬ ነው የገባሁበት። ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን፣ ቂያስ (የታወቀን ፍርድ ወደሚመስለው አዲስ ጉዳይ መውሰድ) እንዴት እንደሚሠራ አገኛለሁ ብዬ ስከፍተው በሎጂክ ይጀምራል። ቀጥሎ ደግሞ «ሸሪዓ ከመምጣቱ በፊት ነገሮች የተፈቀዱ ነበሩ ወይስ የተከለከሉ» የሚል ክርክር። ይሄ የአቂዳ፣ የእምነት ትምህርት ጉዳይ አይደለም እንዴ? ለቃዲ ምን ይፈይድለታል? ሁሉንም ዘልዬ ቂያስ ላይ ብገባ ምን ይቀርብኛል?

ደረሳው፦
ወዐለይኩሙ ሰላም እህቴ። ሎጂኩን ዝለይው፣ ችግር የለም። ገዛሊ ራሱ «የኡሱል አካል አይደለም፣ የፈለገ ከመጀመሪያው ቁጥብ (ዋና ክፍል) ይጀምር» ብሏል። ይህን የማያውቅ ሰው ዕውቀቱ አይታመንም ብሎ መጎንተሉ ባይቀርም። ሁለተኛውን፣ የሸሪዓውን ክርክር፣ ግን እንዳትዘልይው።

የኢብራሂምን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ያዢ። ልጅህን እረድ ተባለ። አጋደመው። ከዚያ ቤዛ መጣ። አሁን የፊቅህ ሰው ይጠይቃል፦ ትእዛዝ ሳይፈጸም ሊሻር ይችላል? ሙዕተዚላዎች፣ መልካሙንና መጥፎውን አእምሮ በራሱ ይለያል የሚሉት የአቂዳ ወገን፣ በጭራሽ ይላሉ። ነገሮች በራሳቸው መልካም ወይም መጥፎ ናቸው፣ አላህ የሚያዘውም መልካሙን ነው። ያንኑ ድርጊት፣ ለዚያው ሰው፣ በዚያው ሰዓት ከከለከለ አንዱ ነገር መልካምም መጥፎም ሊሆን ነው። ስለዚህ በታሪኩ መላ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። የታዘዘው ማጋደም ብቻ ነው ተባለ። አንገቱ መዳብ ሆኖ ቢላዋው እምቢ አለ ተባለ። አርዶታል፣ የተቆረጠው ግን መልሶ ይገጥም ነበር የተባለበትም አለ! ገዛሊ አንድ በአንድ እያነሳ ይጥላቸዋል። እሱ አሽዐሪ ነው፣ የሙዕተዚላዎች ተቃራኒ ከሆነው የአቂዳ ወገን። ለአሽዐሪ ማዘዝ ሌላ፣ የታዘዘው እንዲሆን መሻት ሌላ። ድርጊቱ መልካም የሚባለውም ሸሪዓ መልካም ስላለው ነው።

ቂያስሽም እዚሁ ላይ ነው የቆመው። ኸምር የተከለከለው ስለሚያሰክር ነው እንላለን። ግን ከመከልከሉ በፊትም ያሰክር ነበር፣ ሐራም ግን አልነበረም። እንግዲህ ማስከሩ በራሱ ሐራም አያደርግም፤ ሕግ አውጪው ያቆመው ምልክት ነው። ይህን ዘልለሽ ቂያስ ብትሠሪ የምትሠሪውን አታውቂውም።

የጎንደር ልጅ፦
እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ በኛ ልጁ ይስሐቅ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሁለቱ ወገኖች ፍርድ ቤት ሲቀመጡ የተለያየ ፍርድ ነበር የሚሰጡት?

ደረሳው፦
ወንድሜ፣ ይስሐቅ ነው ያሉ ከኛም አሉ፤ ትልቁ ሙፈሲር (የቁርኣን ተርጓሚ) ጠበሪ አንዱ ነው።

ጥያቄህ ጥሩ ነው። ባብዛኛው አይለያዩም። የረይ ከተማ ዋና ቃዲ የነበረው ዐብዱልጀባር (እ.ኤ.አ. በ1025 የሞተ) በአቂዳ የሙዕተዚላዎች ቁንጮ፣ በፊቅህ ደግሞ የሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት ቤት) ሰው ነው። ገዛሊም (1058–1111) ሻፊዒ ነው። ውርስ ሲያካፍሉ ብታያቸው አትለያቸውም። ጠቡ ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው ላይ ነው። የዐብዱልጀባር ተማሪ አቡል-ሑሰይን አል-በስሪ የመምህሩን የኡሱል መጽሐፍ ካብራራ በኋላ ከላሙ (የአቂዳ ክርክሩ) በዛብኝ ብሎ ያንን እየቀነሰ «ሙዕተመድ»ን ጻፈ። ይሄ እንግዲህ የሙዕተዚላ ሰው ነው!

ሐነፊው፦
ደረሳው፣ ነገሩን በሻፊዒዎች ዓይን ብቻ አየኸው። የታሪክ ሊቁ ኢብን ኸልዱን እኮ በኡሱል አጻጻፍ ሁለት መንገድ ነው የሚቆጥረው፣ የከላም ሰዎችና የሐነፊዎች። እኛ ከኢማሞቻችን ፍርዶች ተነስተን ነው ደንቡን የምናወጣው። የኛን ሊቅ አቡ ዘይድ አድ-ደቡሲን ይመልከቱልን። ምሳሌው ሁሉ ከሰው ኑሮ ነው። መዳብ አንገት የለበትም።

ደረሳው፦
ሃሃ፣ ይሁንልህ። ገዛሊ ግን ሁለታችንንም አልማረም። ከላም ሙያቸው የሆነ ሰዎች በሙያቸው ፍቅር ኡሱልን በከላም ሞሉት፣ አቡ ዘይድና ተከታዮቹ ደግሞ በፊቅህ ፍቅር በዝርዝር ፍርድ ሞሉት ይላል። ሁሉንም ያጸዳዋል ብለህ ስትጠብቅ ከለመዱት ነገር ጡት ማስጣል ከባድ ነው ብሎ እሱም የተወሰነውን ይተወዋል።

እህቴ፣ ነስኹን (የትእዛዝ መሻርን ጉዳይ) ሁለተኛው ቁጥብ ውስጥ፣ ስለ ቁርኣን ከሚናገረው ክፍል ታገኚዋለሽ፤ ቂያሱ ሦስተኛው ላይ ነው። ሁለቱን አከታትለሽ አንብቢያቸው፣ ጽሑፍሽ እዚያው ነው ያለው።