«ሎዝ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መጥላት ነው ወይስ ማቅማማት? (አስቸኳይ)

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተተርጉሞ መላክ ያለበት ደብዳቤ በእጄ አለ። «ኮሚቴው ቀነ ገደቡን ለማራዘም ሎዝ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይዟል። በስልኬ ያለው መዝገበ ቃላት «መጸየፍ፣ አምርሮ መጥላት» ስላለኝ «ኮሚቴው ቀነ ገደብ ማራዘምን ይጸየፋል» ብዬ ብጽፍ፣ አለቃዬ አንብበው «ኮሚቴውን ምን ነካው?» ብለው መለሱልኝ። መዝገበ ቃላቱ ተሳስቷል ማለት ነው? እባካችሁ ፍጠኑልኝ።

ዋርካ፦ «ይጠላል» ይበሉት፤ ከ«ይጸየፋል» ይለዝባል።

ነቁጥ፦ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይንገሩን፤ ቃሉ የሚያበቃው በ«ኤች» ነው ወይስ ከእርሷ በኋላ «ኢ» የምትባለው ፊደል አለችበት?

ጠያቂ፦ ደብዳቤው ላይ በ«ኤች» ያበቃል። አሁን ሳየው ግን ስልኬ ላይ ስጽፍ «ኢ»ን ራሱ ጨምሮልኛል። አንዲት ፊደል ይህን ያህል ለውጥ ታመጣለች?

የቀድሞ መምህር፦ በጥድፊያ መካከልም ቢሆን መሠረቱን መርሳት አይገባም። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው፤ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ጠላት የሆነ፣ የሚያስጠላ» የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል ነበረ፤ ሐዘንና ሥቃይን የሚያመለክተው የጀርመንኛው «ላይድ»ም የዚያው ዘመድ ነው። በዘመን ብዛት ቅጽሉ ለዝቦ «ልቡ ያልፈቀደ» ወደሚል ትርጉም ሲያዘነብል፣ «ኢ» ያለችበት ግሥ ግን በጥላቻው ጸንቶ ቀረ። ቅጽሉ ብዙውን ጊዜ «ቱ»ን ከግሥ ጋር ያስከትላል። በትርጉም የሚቀርበውን «ሪላክታንት» (የሚያቅማማ) የተባለውን ቃል ከስም በፊት አስቀምጠን «እያቅማማ የቀረበ ምስክር» ለማለት እንጠቀምበታለን፤ ሎዝን ግን በዚያ ስፍራ አናቆመውም። «ሪላክታንት» ራሱ «ተቃውሞ መታገል» ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ሲሆን፣ አንዳንዶች በእርሱ ፋንታ የሚያስገቡት «ሬቲሰንት» ከዝምታ የተወለደ በመሆኑ በመሠረቱ የሚገልጸው ለመናገር መቆጠብን ብቻ ነው።

ጠያቂ፦ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ነገር ግን 40 ደቂቃ ነው የቀረኝ።

አንገራጋሪ፦ ኮሚቴው ወንዝ ዳር የደረሰች በቅሎ ሆኗል። ጆሮዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ የፊት እግሮቿን አሸዋው ላይ ተክላ፣ ልጓሟ ሲሳብ አንገቷን ብቻ ታስረዝማለች። ወንዙን ተጸይፋ አይደለም፤ አልሻገርም ብላ ወደ ቤቷም አልተመለሰችም። ሎዝ ማለት ይኸው ነው፤ ማንገራገር። እርግጥ «ኮሚቴው ያንገራግራል» ብለው ቢጽፉ አለቃዎ ዳግመኛ መጠየቃቸው አይቀርም፤ ስለዚህ «ቀነ ገደቡን ለማራዘም እጅግ ያመነታል» ይበሉና ይላኩት።

ዋርካ፦ «ይጠላል» ቢባል ምን ችግር አለው? ማራዘሙን እንደማይወድ ግልጽ ነው።

ነቁጥ፦ ችግሩማ ደብዳቤ ተቀባዩ የግል ጥላቻ አድርጎ እንዲወስደው ማድረጉ ነው።

ሰያፍ፦ እኔ ጥያቄው ራሱ ከሥሩ ተዛብቷል እላለሁ። መዝገበ ቃላቱ ለተጠየቀው ቃል ትክክለኛ መልስ ሰጥቷል፤ የተጠየቀው ቃል ነው ሌላ። ደግሞም በእኛ ፊደል ሁለቱንም «ሎዝ» ብለን መጻፋችን ልዩነቱን ይሸፍናል። ጣትዎን ጉሮሮዎ ላይ ያሳርፉና ምላስዎን በጥርሶችዎ መካከል አድርገው ይሞክሩት፤ በግሡ መጨረሻ ጉሮሮ ይርገበገባል፤ በቅጽሉ ግን ትንፋሽ ብቻ ይወጣል።

ነቁጥ፦ አንዳንድ የአሜሪካ መዝገበ ቃላት ለቅጽሉም ሁለቱንም ድምፅ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ከጉሮሮ ይልቅ ፊደሉን ማመን ይሻላል። ቅጽሉን «ኤ»ን ትቶ የሚጽፍም ስላለ በዚያ እንዳይደናገሩ።

ግድርድር፦ «ኮሚቴው ይግደረደራል» ቢባልስ? ሲግደረደር ጦሙን ያድራል እንጂ!

አንገራጋሪ፦ የሚግደረደር ሰው እየፈለገ እንቢ ይላል፤ ሎዝ የሆነው ግን ከልቡ አልፈለገም።

ሰያፍ፦ «ያመነታል»ም ቢሆን አይበቃም፤ የሚያመነታ ሰው በሁለት ሐሳብ መካከል የቆመ ነው፤ እዚህ ግን ኮሚቴው ወደ አለማራዘሙ አጋድሏል። በአንጻሩ «ፈቃደኛ አይደለም» ካሉት በሩን ዘጉት። ለመሆኑ ከዚያ ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ ምን ይላል?

ጠያቂ፦ «አሳማኝ ምክንያት በጽሑፍ ካልቀረበ በቀር» ይላል። ለካ ይህንን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብኝ።

ሰያፍ፦ እንግዲያው በሩ ገርበብ ብሏል። «አሳማኝ ምክንያት በጽሑፍ ካልቀረበለት በቀር፣ ኮሚቴው ቀነ ገደቡን ለማራዘም አይሻም» ይበሉ። «አይሻም» የልብን አለመፍቀድ ይናገራል እንጂ አይከለክልም፤ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤም ክብደቱ ይስማማል።

የቀድሞ መምህር፦ እኔ «ቅር እያለው ካልሆነ በቀር አያራዝምም» የሚለውን እመርጣለሁ።

ነቁጥ፦ መምህር፣ ሁለት «በቀር» በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሊያስገቡባቸው ነው። ጠያቂያችን፣ ደብዳቤው ሄደ?

ዋርካ፦ «አይወድም» ብለው ልከውት ይሆናል።