ልጄ አማርኛ ትናገራለች፤ ክሬዲት ይሰጧታል ወይ?

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘንድሮ እዚህ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ለዲግሪዋ የውጭ ቋንቋ ግዴታ ነው አሏት። አማርኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ማንበብና መጻፍ ላይ ግን ትንገዳገዳለች። ይቆጠርላታል? ወይስ ስፓኒሽ ከዜሮ ትጀምር?

* * *

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። እኔ በዚህ ነገር ተቃጥያለሁና ልንገርሽ።

ሰው ሦስት ነገር ያምታታል። ፕሌስመንት የሚሉት የደረጃ መመደቢያ ፈተና የትኛው ክፍል እንደምትገባ ብቻ ነው የሚወስነው። ዌቨር ከሰጧት ግዴታው ይነሳላታል፤ ለዲግሪው ከሚፈለገው (አብዛኛውን ጊዜ 120 ነው) ክሬዲት ግን አንድም አይቀነስላትም። በሌላ ኮርስ ትሞላዋለች። ገንዘብ የሚያተርፈው ትራንስክሪፕት (የውጤት መዝገቧ) ላይ የሚሰፍረው ክሬዲት ነው።

የኔ ልጅ ፈረንሳይኛ ተፈትኖ ሦስተኛ ሴሚስተር ግባ ተባለ። የሁለቱ ሴሚስተር ክሬዲት ኪሳችን የገባ መስሎን ጨፈርን። ዓመቱ አልቆ ስናይ ባዶ! ለካ ሦስተኛውን ኮርስ በጥሩ ውጤት አልፎ፣ የዘለላቸው እንዲመዘገቡለት ራሱ ማመልከት ነበረበት። እሱ ደግሞ ጂፒኤው እንዳይበላሽ ብሎ ፓስ ፌይል (አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ የሚባልበት) አድርጎታል። በሌተር ግሬድ (በኤ፣ ቢ፣ ሲ) ካልሆነ አይቆጠርም አሉን። የተዘለሉ ኮርሶችን ጭራሽ የማይመዘግቡም ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ደንባቸውን በጽሑፍ ጠይቂ።

ወደ አማርኛ ስንመጣ፣ ክሌፕ የሚባለው ክሬዲት የሚያስገኝ ፈተና አይጠቅማትም፤ ለስፓኒሽ፣ ለፈረንሳይኛና ለጀርመንኛ ብቻ ነው። አክትፍል የሚባለው የቋንቋ ትምህርት ድርጅት የሚያዘጋጀው ኦፒአይ የተባለ የንግግር ፈተና ግን በአማርኛም አለ። ከፈታኝ ጋር ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በስልክ ማውራት ነው። ደረጃው ከኖቪስ (ጀማሪ) ተነስቶ ሱፒሪየር (የላቀ) ይደርሳል። ጥያቄው ከቀላል ይጀምርና እየከበደ ይሄዳል፦ ያለፈ ነገር ተርኪ፣ ሐሳብሽን ተከራክረሽ አስረጂ። የቤት አማርኛ ብቻ የለመደ ልጅ እዚህ ጋ ይንተባተባል። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ረጅም ረጅም ወሬ አውሩ። ዩኒቨርሲቲው የጽሑፍ ፈተናም ከጠየቀ ፊደሉ ያስፈልጋታል።

ደግሞ የሚከፈልበት ፈተና ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው ውጤቱን እንደሚቀበል ሳታረጋግጡ እንዳትከፍሉ።

* * *

እኔም ልጨምር። አማርኛ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ከሆነ፣ "ቀላል ኤ ነው" ብላ ጀማሪ ክፍል እንዳትመዘገብ። በቤት ቋንቋውን የሰማ ልጅ ጀማሪ ክፍል እንዳይገባ የሚከለከልበት ዩኒቨርሲቲ ብዙ ነው። ከደረጃዋ በታች ከወሰደችም ክሬዲቱን ሊሰርዙት ይችላሉ።

ታናናሽ ካሏት ደግሞ ሃይስኩል ሳሉ የሁለት ቋንቋ ማኅተም (ሲል ኦፍ ባይሊተራሲ) የሚባለውን፣ ሁለት ቋንቋ መቻላቸውን የሚመሰክረውን ያግኙ። ካሊፎርኒያ በ2011 እ.ኤ.አ. በሕግ ያጸደቀችው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ስቴቶችም ይዘውታል። ለሱ ክሬዲት የሚሰጡ ኮሌጆች አሉ።

* * *

እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ልጄ አድቫይዘሯን (የትምህርት አማካሪዋን) በኢሜል ጠየቀች። "አታስቢ፣ ዌቨር እንሰጥሻለን" ብለው መለሱላት። ድሮ ቢሆን እልል እል ነበር። "ክሬዲትስ?" ብላ መልሳ ጽፋለች።