ጁባ ላይ ከተማሪዎቼ ጋር መግባባት አቃተኝ

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ 35 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ በ60 ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። ቤት ተቀምጬ ምን ልሠራ ብዬ፣ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ በነጻ ላስተምር ደቡብ ሱዳን መጣሁ። ይኸው ሦስተኛ ወሬን ያዝኩ።

ሙቀቱን እንደምንም ለመድኩት። እንጀራም አልጠፋም፤ ሐበሻ የሌለበት የት አለ? የከበደኝ ቋንቋው ነው። የአገሪቱ የሥራ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ሲሉኝ ተዘናግቼ ነበር። ክፍል ስገባ ግን ሁሉም የሚያወራው የጁባ ዓረብኛ ነው።

ባለፈው ማቴዎስ 13ን፣ የዘሪውን ምሳሌ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳሁ። "ገባችሁ?" ስል ሁሉም "የስ!" አሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ምን እንዳልኩ እንዲነግሩኝ ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲዘሩ የኖሩ ናቸው እኮ! ትምህርቱ ለእሳቸው ቀላል ነበር፤ ያልገባቸው የእኔ ቋንቋ ነው።

አስተርጓሚ ተብሎ የተሰጠኝ ወጣት አንድ ቀን ቢመጣ ሦስት ቀን ይቀራል።

እዚህ አካባቢ ያገለገላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። በዚህ ዕድሜዬ ቋንቋውን ልጀምር ወይስ ሌላ አስተርጓሚ ልፈልግ? ከጀመርኩስ በየትኞቹ ቃላት ልጀምር?