ልጄ 4 ወር ዳገት ወጥቶ 1 ኪሎ ብቻ ነው የቀነሰው፤ ላስቁመው ወይስ ይቀጥል?

ሸዋበር_እናት
ሰላም ለዚህ ቤት። ከደሴ ነኝ። የመጨረሻ ልጄ 14 ዓመቱ ነው። ከሕፃንነቱ ሞላ ያለ ነበር፣ እኛም ማሻአላህ እያልን ነው ያሳደግነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ልክ አጣ። መስከረም ላይ ጤና ጣቢያ ሳስመዝነው 83 ኪሎ ሆነ። እዚያ ያገኘኋት ልጅ ቁመቱንም ለክታ ካርዱ ላይ ጻፈችና "ከልክ ያለፈ ውፍረት ነው፣ እንቅስቃሴ ያድርግ" አለችኝ። በቃ፣ ሌላ ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት 4 ቀን፣ አንዳንዴም 5፣ ማለዳ ከአጎቱ ጋር ወደ ጦሳ ዳገቱን ይወጣል። የኅዳርና የታኅሣሥን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ አልቀረም። ባጃጁንም ትቶ ከትምህርት ቤት በእግሩ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ሰሞን ሲመለስ በሩ ላይ ዘጭ ብሎ ትንፋሹ እስኪመለስ ጫማውን እንኳ አያወልቅም ነበር፣ አሁን ያን ያህል አይደለም። ባለፈው ሰኞ መዘንነው። 82። ከ4 ወር ልፋት 1 ኪሎ! አየውና ምንም ሳይናገር ከሚዛኑ ወረደ። ማታ እራት አልበላም። ጠዋት አጎቱ ሲጠራው ብርድ ልብሱን ተከናነበ።

እህቴ ደግሞ "ልጁን በሩጫ ልትጨርሽው ነው፣ የደላው ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይረግፍለታል" ትለኛለች። ትምህርት ቤት "ዱባው" ይሉታል፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ማለት ለምዷል። ምን ላድርግ? ሌላም ነገር፣ አንገቱ ከኋላ ጠቁሮ አልለቅ ብሎኛል፣ በሳሙና ባሸው ባሸው ወይ ፍንክች።

ገራዶ77
እህቴ ምን አደከመሽ። የሚያቀጥን ሻይ አለ፣ የባለቤቴ እህት በ2 ሳምንት 5 ኪሎ ወርዳበታለች።

ነርስ_ኮምቦልቻ
አብሽሪ እህቴ። እንዳቅሜ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሻዩን። ወንድሜ ተው እንጂ! እነዚህ ሻዮች ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ሰናመኪ ነው። ሆድ ያስቀምጣል፣ ሚዛኑ ላይ የሚጎድለውም ውሃው ነው። ለሚያድግ ልጅ በፍጹም።

አንገቱን ማሸት አቁሚ። እድፍ አይደለም። ውፍረት የበዛበት ልጅ አንገቱ ወይም ብብቱ እንዲህ ጠቆር፣ ሻከር ሲል አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ለኢንሱሊን፣ የደም ስኳርን ለሚያወርደው ሆርሞን፣ አልታዘዝ እንዳለ ነው የሚነግረን፤ ኢንሱሊኑ በደም ውስጥ ይበዛና ቆዳውን እንደዚያ ያደርገዋል። ስኳር ያዘው ማለት አይደለም። ግን የደም ስኳሩም ግፊቱም ይለካ። እውነቱን ለመናገር ከ1 ኪሎው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

ወደ ሚዛኑ ስንመጣ፣ እንቅስቃሴ ብቻውን የሚያወርደው ኪሎ በጣም ትንሽ ነው። ይሄን ለወላጅ ቀድሞ የሚነግር ስለሌለ ነው ልጆቹ ሦስት አራት ወር ለፍተው፣ ሚዛን ላይ ወጥተው፣ "ከንቱ ነው" ብለው የሚተኙት፣ ልክ እንደ ልጅሽ። ሥራው የሚሠራው ግን ሚዛን በማያየው ቦታ ነው። ጡንቻው ስኳሩን ከደም መሳብ ይጀምራል፣ ጉበት ላይ የተከማቸው ስብ ይቀንሳል፣ ግፊት ይሻላል። ኪሎው ባለበት ቢቆም እንኳ። በር ላይ ዘጭ ማለቱን መተዉን ራስሽ አላየሽም?

ከዚያ ደግሞ ልጁ እያደገ ነው። እንደ እኔና አንቺ ቁመቱ የቆመ ሰው አይደለም። ስለዚህ ውፍረቱ የሚታየው ኪሎውን ከቁመቱ ጋር አስልተን፣ ያንን ከዕድሜውና ከጾታው ሰንጠረዥ ጋር አስተያይተን ነው። ኪሎው ሳይንቀሳቀስ ቁመቱ ከተመዘዘ ቀነሰ ማለት ነው።

ሁለት ጥያቄ ልጠይቅሽ። ዛሬ ቁመቱ ስንት ነው? ከውሃ ሌላስ ምን ይጠጣል? የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ፣ ከ7 የሻይ ማንኪያ አያንስም። የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ በሁለት ጉንጭ ተመለሰ በይው።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ጉልበቴን ወይም ዳሌዬን አመመኝ ካለ፣ ወይም ካነከሰ፣ ስንፍና ነው እንዳትሉት። በዚህ ዕድሜ ከባድ የሆኑ ልጆች ላይ የጭን አጥንት ራስ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል፣ ሕመሙ ደግሞ አንዳንዴ ጉልበት ላይ ብቻ ነው የሚሰማው። ያኔ ዳገቱ ይቅርና ዳሌውን ዛሬ ነገ ሳትሉ ራጅ ይነሳ።

የቀድሞው_ዱባ
እትዬ፣ እኔም ዱባ ነበርኩ፣ ስሜን ይዩልኝ። አሁን 23 ዓመቴ ነው።

ሩጫ እጠላ ነበር። ማን ይወዳል? ሁሌ መጨረሻ መውጣት ነው፣ ከኋላ ሲሳቅ መስማት ነው። እኔን ያወጣኝ ብረት ነው። ሰፈራችን አንድ ጓሮ ውስጥ ልጆች የወተት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ መሀሉን በቧንቧ አያይዘው የሠሩት ብረት ነበር፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው ስለሚከብድ ሲያነሱት ወደ ግራ ይጥላል። የመጀመሪያው ቀን ቀጫጮቹ ያቃታቸውን ብድግ አደረግኩት። ወፍራም ልጅ እኮ ጉልበት አለው፣ ማንም አይነግረውም እንጂ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሳይጠራኝ ነው የምሄደው። ኪሎዬ ለረጅም ጊዜ ንቅንቅ አላለም፣ ሱሪዬ ግን ቀበቶ ፈለገ።

ሚዛኑን ይደብቁለት እትዬ። እራት እንዳይዘል ግን ይቆጡት። እኔ እራት እየዘለልኩ ሌሊት ተነስቼ ዳቦ እሰርቅ ነበር።

ነርስ_ኮምቦልቻ
ብረቱን ያነሳኸው ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ በ2014 የወጣ የካናዳ ጥናት አለ፣ ከ14 እስከ 18 ዓመት የሆኑ 304 ወፋፍራም ልጆች ላይ የተሠራ። ሁሉም የምግብ ምክር ተሰጣቸው፣ ከዚያ ለ22 ሳምንት ገሚሱ እንደ ሩጫ ያለውን፣ ገሚሱ ብረት፣ ገሚሱ ሁለቱንም ሠራ፣ ምንም ያልሠራ ቡድንም ነበር። የሠሩት ሁሉ የሰውነት ስባቸው ቀነሰ፣ ሳያቋርጡ ከሠሩት ውስጥ ደግሞ ሁለቱን ያጣመሩት በለጡ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት 3 ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ነው የሚለው። 60ውን በአንዴ መጨረስ የለበትም፣ ከትምህርት ቤት የእግር መንገዱም ይቆጠራል። ብረት ከሌለ ፑሽአፕም፣ ጀሪካንም ይሆናል፣ የሚያሳየው ሰው አጠገቡ ይኑር ብቻ።

ሐይቅ_ዳር
አባት ነኝ፣ አጭር ላድርገው። ለሱ ለብቻው ጎመን፣ ለሌላው ድንች በሥጋ እንዳይሆን። እኛ ቤት ስህተቱ እሱ ነበር፣ ልጅቷ ቅጣት መሰላት። አሁን የሁላችንንም ሻይ ስኳር ከ3 ማንኪያ ወደ 1 አወረድን፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ረመዳንም እየመጣ ነው፣ ጾም ያቀጥናል ብላችሁ እንዳትተማመኑ፣ በኢፍጣር ሳምቡሳ የወፈረ ስንቱን አውቃለሁ።

ሸዋበር_እናት
አላህ ይስጣችሁ። ካርዱን ፈልጌ አገኘሁት፣ መስከረም ላይ 1 ሜትር ከ58 ይላል። ዛሬ በሩ ላይ አስጠግቼ፣ ደብተር አናቱ ላይ አድርጌ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት። 1 ሜትር ከ61! ሦስቴ ነው የለካሁት፣ አጎቱም ለካው።

ነርስ_ኮምቦልቻ
እሰይ! ኪሎውን በሜትር በተለካው ቁመቱ ሁለቴ ስናካፍለው ሒሳቡ ከ33.2 ወደ 31.6 ወረደ ማለት ነው። አሁንም ከዕድሜው መስመር በጣም በላይ ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው። ግን ልጁ ቀንሷል። ንገሪው። የአንገቱን ነገርም አደራ። ለስላሳውንስ ጠየቅሽው?

ሸዋበር_እናት
ኧረ አታናግሪኝ። ለካ ዳገቱን ወጥተው ሲመለሱ አጎት ተብዬው "ጎበዝ፣ ወንድ ነህ" እያለ በየቀኑ አንድ ሚሪንዳ ይጋብዘዋል! ለራሱም አንድ። እኔ እዚህ እንጀራ እየቆጠርኩ። ልጁ ቁመቱን ሲሰማ ደስ ብሎት ነው ምስጢሩን የለቀቀው።

ነገ ውሃ በኮዳ ይዘው ነው የሚወጡት፣ እኔም አብሬ። ሐሙስ ለስኳሩ ምርመራ እንሄዳለን፣ አጎቱም ይመርመር ብያለሁ።