በድርቅ ጊዜ ለሚሸጥ ከብት ዝቅተኛ ዋጋ ይወሰን? የአዳማ ክርክር

አወያይ፦
ጉዳዩ የተነሣው ከከተማችን ዳርቻ ካሉት የከብት ማድለቢያዎች ነው። ከ2013 ሀጋያ፣ ማለትም ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ከሚጠበቀው ዝናብ፣ እስከ 2015 ሀጋያ ድረስ በቦረና አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ ከብቱ በገፍ ለገበያ ወጣ፤ ዋጋውም ወደቀ። ከገዢዎቹ መካከል የአዳማ ሰዎች ነበሩበት። አሁን አንድ አባላችን «በሚቀጥለው ድርቅ መንግሥት ለከብት ዝቅተኛ ዋጋ ይወስን፤ ከዚያ በታች የገዛ ይቀጣ» የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ደጋፊም ተቃዋሚም ይናገር። ስድብ አይፈቀድም። ግጥምም አይፈቀድም፤ ባለፈው የደረሰብንን ታስታውሳላችሁ።

የያቤሎ ልጅ፦
ሐሳቡን ያቀረብሁት እኔ ነኝ። ገበያውን ያላያችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ገዢው የወይፈኑን ዳሌ በመዳፉ ይጫነዋል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ አንድ ዋጋ ይጠራና ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሌላው ይሄዳል። አይመለስም፤ መመለስም አያስፈልገውም። ሻጩ ከብቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ እንደማይችል ሁለቱም ያውቃሉ፤ በመጣበት መንገድ ላይ ሣርም ውሃም የለም። «አልሸጥም» ማለት የማይችል ሰው የሚሸጥበትን ቦታ ገበያ ብላችሁ አትጥሩብኝ። በደጉ ጊዜ በአንድ ወይፈን ዋጋ ለወራት የሚበቃ በቆሎ የሚሸምት አባወራ፣ በድርቁ ጊዜ ያንኑ ወይፈን ሸጦ ለሳምንታት ብቻ ይሸምታል። የወይፈኑ ዋጋ ሲወርድ የበቆሎው ወጥቷልና ከሁለቱም በኩል ይቀጣል። ሌላው ቀርቶ ቡሳ ጎኖፋ የምንለው የመረዳጃ ሥርዓታችን እንኳ አቅም አጣ። ከብቱ ላለቀበት ሰው ከጎሳው ላም ይዋጣለት ነበር፤ ድርቁ ሁሉንም ሲመታ ከማን ይዋጣል?

የማድለቢያ ባለቤት፦
ወንድሜ፣ ሐዘንህን እጋራለሁ፤ ሂሳቡን ግን አልጋራም። በድርቅ የምገዛው ወይፈን ቆዳና አጥንት ነው። ከገዛሁት በኋላ ሦስት ወር ያህል ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ሞላሰስና ጭድ እየገዛሁ አበላዋለሁ። ድርቅ ሲሆን የእነዚህም ዋጋ ይወጣል። መኪና ላይ የሚሞተው የእኔ ኪሳራ ነው፤ ገና ከመኪና ሲወርድ ጉልበቱ የሚከዳውም የእኔ ነው። የውጭ ገዢ ደግሞ ያዘዘውን ክብደት እንጂ የእኔን ታሪክ አይጠይቅም። ዝቅተኛ ዋጋ ወስናችሁ ቅጣት ብታስከትሉበት አልከራከርም፤ ዝም ብዬ ወደ ሌላ አካባቢ ፊቴን አዞራለሁ። ያን ጊዜ ከብቱን ማን ይገዛዋል? ጅብ?

የእንስሳት ሐኪም፦
ሁለታችሁም ስለ ወይፈን ትከራከራላችሁ። ላሟን ማንም አላነሣትም።

የአዳማና የሞጆ ማድለቢያዎች ለውጭ ገበያ የሚፈልጉት ወጣት ወንድ ከብት ነው። የቦረና መንጋ ግን በአብዛኛው ሴት ነው፤ ቤቱን በወተት የምትመግበው ላሟ ናትና። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ቀድማ የምትወድቀው እርሷ ናት፤ ያላትን ሁሉ ለጥጃዋ ትሰጣለች። በጠዋት ከተኛችበት መነሣት ሲያቅታት ሰዎች ተሰብስበው፣ አንዱ በጭራዋ፣ አንዱ በቀንዷ፣ ሌሎቹ ከሆዷ በታች ገብተው ያነሧታል። ቆማ ከዋለች ማታ ተመልሳ ትተኛለች፤ በማግሥቱም እንደዚያው። ለዚህች ላም ዝቅተኛ ዋጋ ብትወስኑላት ምን ይጠቅማታል? ገዢ የላትም። ሕጉ የሚያስከብረው ድሮም ገዢ የነበረውን ወይፈን ብቻ ነው።

ዋጋን ያዳነው ሌላ ነገር እንደሆነ ያየነው በ1998 ዓ.ም. ድርቅ በሞያሌ ወረዳ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ላኪ ነጋዴዎችን ወደ ቦታው ወስዶ ከአርብቶ አደሩ ጋር አገናኘ፣ መነሻ ብድርም ሰጠ። ነጋዴዎቹ ወደ 20,000 የሚጠጋ ከብት ገዙ፤ በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ይሆናል። ሻጮቹ ከገንዘቡ እህል ሸመቱ፣ የቀሩትን ከብቶች መኖ ገዙላቸው፣ በመኪናም የተሻለ ግጦሽ ወዳለበት አጓጓዟቸው። ዋጋ የወሰነ አዋጅ አልነበረም። ከብቱ በእግሩ መቆም ሳያቅተው ገዢ መምጣቱ በቃ።

ጡረተኛው፦
ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ በ1977 ከአሰብ የመጣ ስንዴ በዚህችው ከተማ ሲራገፍ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት። ስንዴው የሚደርሰው ሁልጊዜ ከብቱ ካለቀ በኋላ ነው። ለሰው ስንዴ እናመጣለን፣ ያ ሰው የሚኖርበትን ከብት እንረሳለን፣ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ስንዴ እናመጣለን። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ጭዱ እዚህ አዳማ በረት ውስጥ ተከምሮ እያየሁት ነው የምውለው። ለምን ወደዚያ አይወርድም?

የኢኮኖሚክስ መምህር፦
ጋሼ፣ ወደ ጭዱ እንመለሳለን፤ አስቀድሜ ግን ለያቤሎው ወንድማችን ልመስክርለት። ዋጋው ትንሽ ነገር አይደለም። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ ሲያጠና ያገኘው ይህንኑ ነው፤ በደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፣ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ሕዝቡ የተራበው የሚገዛበት ስላጣ ነው። አርብቶ አደሩም ከብቱ ከሞተበት በተጨማሪ የተረፈው ከብት የሚያመጣለት እህል በማነሱ ተጎዳ። ስለዚህ «ሂሳብ ነው» ብሎ መዝጋት አይቻልም፤ ሰው የሚሞተው በዚህ ሂሳብ ውስጥ ነው።

የአዋጁ መንገድ ግን አያዋጣም። ደላላው በደረሰኙ ላይ አንድ ዋጋ ይጽፋል፣ በእጅ ሌላ ይከፍላል፤ ልዩነቱን ቁጭ ብሎ የሚቆጥረው ማን ነው? ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረና የተሞከረው የከብት መድን የተሻለ ይመስለኛል። የግጦሹ ልምላሜ በሳተላይት ይለካል፤ ከተወሰነ ደረጃ በታች ሲወርድ የሞተ ከብት ሳይቆጠር ክፍያ ይፈጸማል።

የያቤሎ ልጅ፦
መምህር፣ መድኑን አውቀዋለሁ። ጥሩ ነው። ዝናብ እምቢ ባለበት ዓመት ማግሥት ግን የሚቀጥለውን ዓረቦን ከምን ይክፈሉት? ድርቁ አንድ ወቅት ቢሆን ያልከው ይሠራ ነበር፤ አምስት ወቅት ነው የምልህ።

ሹፌሩ፦
ስለ ጭዱ ለጋሼ ልመልስ። ጭድ ቦታ ይይዛል እንጂ አይከብድም፤ መኪናው ሞልቶ ሚዛን ላይ ሲወጣ ምንም የለውም። ስለዚህ የማጓጓዣው ከጭዱ ይበልጣል፤ ማንም በራሱ ገንዘብ አይጭነውም። ነገር ግን ከብት ልናመጣ ስንወርድ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው የምንሄደው። የምንከፈለው ለደርሶ መልስ ነው። ሲወርድ ጭድ ብትጭኑበት የሚጨመረው የጫኝና አውራጅ ብቻ ነው። ይህን ለቀጣሪዬ ነግሬው ስቆብኛል።

የእንስሳት ሐኪም፦
እኔ አልስቅም። በዚህ ክርክር ከተባለው ሁሉ ሥራ ላይ ሊውል የሚችለው ይህ ነው። ወይፈኑ ይውጣ፣ በወጣበት መኪና የላሟ መኖ ይግባ። ጭድ ብቻውን ግን አያነሣትም፤ ሞላሰስ ይረጭበት፣ ከተቻለ ፋጉሎ ይጨመርበት። መንጋውን ሁሉ ማዳን አይቻልም፤ ለአንድ ቤት ጥቂት እርጉዝና የሚታለቡ ላሞች ከተረፉ ግን ዝናቡ ሲመለስ ቤተሰቡ ከባዶ አይነሣም።

የማድለቢያ ባለቤት፦
ቀስ በሉ እንጂ። ጭዱ ወደዚያ ሲወርድ እዚህ ዋጋው ይወጣል፤ የከተማው ወተት አምራቾችም ይጮሁባችኋል። ይህን ካልሁ በኋላ፣ አሳቡን አልጠላሁትም። መኪናዬ በጭድ ይውረድ፤ የጭዱን ዋጋ ግማሽ ልቻል። ከብቱን በሚዛን ግዛ ካላችሁኝም እገዛለሁ፤ ዳሌ መጫኑ እኔንም ያታልለኛል። ላም ግን አልገዛም፣ አዋጅም አልቀበልም።

የያቤሎ ልጅ፦
ላም ግዛ ያለህ የለም። በሚዛን እገዛለሁ ማለትህን ግን ይዣለሁ፤ ሌሎቹስ ካንተ ጋር ይስማማሉ? ካልተስማሙ አዋጁ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። አንተ በሚዛን ስትገዛ ጎረቤትህ በመዳፉ እየገዛ ከገበያ ያስወጣሃል።

የማድለቢያ ባለቤት፦
እሱ እውነት ነው። ለጎረቤቴ ዋስ አልሆንም።

ጡረተኛው፦
እሺ፣ መቼ ነው የሚገዛው? ሁላችሁም «በጊዜው» ትላላችሁ፤ ወሩን ስጡኝ።

የእንስሳት ሐኪም፦
ሀጋያ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር መዝነብ አለበት። ኅዳር አጋማሽ ላይ ሰማዩ ባዶ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ተስፋ ጋና የሚባለው የመጋቢቱ ዝናብ ነው። በመካከሉ ያለው በጋ ነው የሚገድለው። ስለዚህ ኅዳር ውስጥ ይገዛ፤ ጥር ከገባ ወይፈኑም መኪና ላይ መቆም ያቅተዋል።

የማድለቢያ ባለቤት፦
ይኸውላችሁ! በኅዳር ገንዘብ ይዤ ወርጄ አውቃለሁ። የሚሸጥልኝ አላገኘሁም። ከብቱ ገና ሥጋ አለው፣ ዋጋውም ደህና ነው፣ ባለቤቱ ግን «ዛሬ ካልዘነበ ነገ ይዘንባል» ይላል። በየካቲት ያው ሰውዬ ደውሎ ይለምነኛል። ታዲያ ዋጋውን ያወረድሁት እኔ ነኝ?

የያቤሎ ልጅ፦
አይሸጥም፤ ምክንያትም አለው። በኅዳር የሸጠውን ወይፈን ገንዘብ ባንክ የሚያስቀምጥ ሰው ጥቂት ነው፤ በእጁ ያለቃል። ከዘነበ ደግሞ ሁሉም ከብት ፈላጊ ይሆናል፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ የሸጠ ሰው የሸጠውን ግማሽ እንኳ መልሶ አይገዛም። ብዙ ከብት ይዞ ድርቅ የገባ ሰው ብዙ ቢሞትበትም ጥቂት ይተርፍለታል፤ አባቶቻችን ያወጡት ሂሳብ ይህ ነው። ከኅዳር በፊት መኖው ቢደርስና ሚዛኑ ቢቆም ምናልባት የሚሸጥ ይገኝ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን አባቴን «በኅዳር ሽጥ» ብለህ አሳምነው እስቲ፤ ስልኩን እሰጥሃለሁ።

የማድለቢያ ባለቤት፦
ስጠኝ።